በድሉ ወፍራሙን የተሸከመ ዕለት

በድሉ አምቦ ውስጥ ባለ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። በእነዚህ አሥራ ሰባት ዓመታት ከመስኮቱ ማዶ ለቆመ ባለጉዳይ የሰጠው መልስ ቢጨመቅ ከሦስት አያልፍም፦ «ነገ ይምጡ»፣ «ፋይሉ ወጪ ነው»፣ «መመሪያው አይፈቅድም»። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ኧረ እንዲያውም ዝንብ እንኳ የማይነካ የጉደር ልጅ ነው! ግን መመሪያ ይወዳል። ሰው ሲጨንቀው ወደ እናቱ ወይም ወደ ፈጣሪው ይሮጣል፤ በድሉ ወደ አንቀጽ ይሮጣል። የከተማው ስም ገና «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ የታተመባቸው የጥንት ደብዳቤዎች በየትኛው መደርደሪያ እንዳሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣቸዋል። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ አላገባም። ለምን አላገባህም ሲሉት «ጊዜው አልፈቀደም» ይላል።

ይህ ሰው ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳኛ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሲሞን የሚባል የኮምፒውተር መምህር ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ዕቃውን ለጎረቤት አከፋፈለ። ለአንዱ አልጋ ደረሰው፣ ለአንዱ ምድጃ፤ ለበድሉ የደረሰው ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አራት መቶ ገጽ ያለፈ መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ፣ ፊቱ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት የመጫወቻ ጠጠር፣ ነበር። መጽሐፉ የጨዋታ ሕግ ነው። አንድ ሰው ዳኛ ይሆንና «ተራራው ሥር ደረሳችሁ፤ ዋሻ አለ፤ ከውስጡ ጭስ ይወጣል» እያለ ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው እሱን ይሆናሉ፤ ዘራፊም፣ ጦረኛም፣ ጠንቋይም፣ የፈለጉትን። «እኔ እገባለሁ»፣ «እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» ይባባላሉ። ይሳካል አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፉ ይናገራል። ቁማር አይደለም፤ አሸናፊም የለውም። እርሳስ፣ ወረቀትና የማይደክም አፍ ይበቃዋል።

በድሉ መጽሐፉን ሁለት ዓመት ፈጅቶ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ፣ በእጁ ጽሑፍ ሰባት ደብተር ሙሉ ወደ አማርኛ መለሰው። ተጫዋቾቹ መጽሐፉን «ወፍራሙ» አሉት። ወፍራሙ የሚለውን የሚያውቅ በድሉ ብቻ ስለነበር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋይል ተሸካሚ የነበረው ሰው ቅዳሜ አንድ ቃል ሲናገር ሦስት ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጠው ጀመር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚጫወቱት ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ከባየሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ነው። ባየሽ ሃምሳ የደፈነች፣ ምላሷ ከማሽኗ የሚፈጥን ሴት ናት፤ በጨዋታው በር ማንኳኳት የማታውቅ ሰይፈኛ ትሆናለች። ሃዊ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ገና ሠላሳ አልሞላትም። በመጀመሪያው ዕለት በድሉ «ያው አንቺ ሐኪሟን ትሆኛለሽ» ቢላት፣ «ምን ሲደረግ! ከሰኞ እስከ ዓርብ አክሜ ቅዳሜም ላክም?» ብላ ሌባ ሆነች፤ እነሆ ስድስት ዓመት ሙሉ የተዋጣላት ሌባ ሆና ኖራለች። ሦስተኛው ኦቦ ዱጋሳ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በነቀምት መንገድ ላይ አይሱዙ ነድተው ጉልበታቸው እምቢ ሲል ጡረታ ወጡ። በሰፈራቸው ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በጨዋታው ኦሊቃ የሚባል ሽማግሌ ፈረስ ነጋዴ ይሆናሉ፤ ኦሊቃ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዱላውን አንስቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እነዚህ ሰዎች ሽፍታ ሲገጥማቸው፣ ጋኔን ሲገጥማቸው፣ የፈለገው ነገር ሲገጥማቸው መጀመሪያ ሽማግሌ መላክ ይፈልጋሉ። ወፍራሙ ደግሞ ስለ ውጊያ መቶ ሃያ ገጽ ጽፎ ስለ ንግግር ግማሽ ገጽ ብቻ ነው ያለው። ፈረንጁ ሲጽፈው ጃርሱማ የሚባል ነገር፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ጠብ የሚያበርድበት ወግ፣ በዓለም ላይ መኖሩን አልሰማ ይሆናል።

ከ2016 ጥምቀት ቀጥሎ በዋለው ቅዳሜ አንድ ዘንዶ ሐይቁን ዘጋ። ሐይቁ ወፍራሙ ውስጥ የለም፤ ኦቦ ዱጋሳ ወንጪን በልባቸው ይዘው «ሐይቅማ እንዲህ ነው የሚሆነው» ብለው ያስገቡት ነው። መሐሉ ደሴት አለው፣ ዙሪያው ገደል ነው፣ መውረጃው የፈረስ መንገድ ነው። ባየሽ ሰይፏን ስትመዝ ኦቦ ዱጋሳ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ አንቺ ልጅ! ኦሊቃ ብቻውን ይወርዳል። ዱላውን ትቶ፣ ለእርቅ ለምለም ሣር ይዞ።»

ከዚያ ተናገሩ። አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዘንዶውን ለመኑት፣ ገሠጹት፣ አመሰገኑት። አባቱ ከዚህ አገር ሰው ጋር ውኃ ተካፍሎ መጠጣቱን አስታወሱት። ብቻውን ስንት ዘመን ዋሻ ውስጥ እንደኖረ፣ የሚጠራው ጎረቤት እንደሌለው፣ ሲሞት የሚቀብረው እንደማይኖር ነገሩት። ከፊት ለፊቱ ክፍል ደንበኛ ቢጣራ የመለሰለት የለም። በድሉ እንባው ሊያመልጠው ሲል አጎንብሶ አራተኛውን ደብተር ገለጠ።

«ማሳመን፤ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ» ብሎ አነበበ። «ዳይሱን ይጣሉ፣ ኦቦ ዱጋሳ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«መመሪያው ነው።»

ሽማግሌው ጣሉ። ሦስት ወጣ። በድሉ ዘንዶው የተፋው እሳት ስንት እንደሚጎዳ ከደብተሩ አንብቦ ደመረና ኦሊቃ መቃጠሉን አስታወቀ። ኦቦ ዱጋሳ መነጽራቸውን ቀስ ብለው ወደ ማኅደሩ መለሱ።

«ስንቱን ደም አድርቄአለሁ» አሉ። «እምቢ ያለኝም አለ፤ ሰድቦ የመለሰኝም አለ። ሽምግልና በጠጠር ሲፈረድ ግን ዛሬ አየሁ። በሉ ደኅና ዋሉ።»

ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም። በሦስተኛው ቅዳሜ ባየሽ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ስማኝ በድሉዬ። ሰውዬው ከሌሉ እኛም የለንም። ወይ እሳቸውን የሚመልስ ሌላ ሕግ ፈልግ፣ ወይ እዚህ ጓዳ የላሚኔሽን ማሽን አስገባበታለሁ። እስከ ፋሲካ ጊዜ አለህ።»

በድሉ ፈራ። ቅዳሜ ከሌለ እሑድ ብቻውን ልብስ ያጥባል፣ ሰኞ መስኮቱን ይከፍታል፤ ያለው ይኸው ነው። ለሲሞን በቴሌግራም ጻፈለት። ሲሞንም «አጫጭር ሕጎች አሉኝ» ብሎ ሁለት ፋይል ላከ፤ አንዱ ሠላሳ ገጽ፣ ሌላው አርባ ስምንት።

ባለ ሠላሳውን ከሃዊና ከባየሽ ጋር ሞከሩት። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ ግን ለጉድ ነው። ገና አርባ ደቂቃ ሳይሞላ የባየሽ ሰይፈኛ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሞተች፤ የሃዊን ሌባ ደግሞ አይጥ ነክሶ ገደላት። አይጥ!

«ይሄ ሕግ ነው ወረርሽኝ?» አለች ባየሽ።

ሃዊ አልሳቀችም። «በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው እጄ ላይ ሞቷል፣ ጋሼ በድሉ። እዚህ የምመጣው ላርፍ ነው።»

ባለ ሠላሳው በዚሁ ተቀበረ።

ባለ አርባ ስምንቱን ሐሙስ ዕለት ባየሽ ዘንድ አሳተመና በምሳ ሰዓት ሁሉቃ ወንዝ ዳር ተቀምጦ አነበበው። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ዳኛው ዳይስ የሚያስጥለው መልሱን ራሱ ሳያውቅ ሲቀር ብቻ ነው። ካወቀ ይፍረድ» ይላል። በድሉ ፊቱ ጋለ። ያን ዕለት መልሱን ያውቅ ነበር፤ ከኦቦ ዱጋሳ ከንፈር ቃሉ ሲወጣ ያውቅ ነበር። ይህ ሕግ ሽማግሌውን እንደሚመልሳቸው አልተጠራጠረም። ደስ እያለው ገለጠ፣ ገለጠ፤ ሃያ ስድስተኛው ገጽ ላይ ክው አለ። «ዳኝነት በተራ ነው። አንድ ታሪክ ባለቀ ቁጥር ወንበሩ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል።»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ? ሰዎቹን የሚያመጣለት ሕግ ወንበሩን የሚወስድበት ሆነ። ምሳውን ሳይበላ ወደ ቢሮ ተመለሰ።

ቅዳሜ «እንዴት ነው?» ሲሉት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥሩ ነገር ነበረው፤ ግን ፋይሉ ጎዶሎ ነው። ከሃያ አምስት በኋላ ያለው ገጽ የለም። በጎዶሎ ሕግ ደግሞ መሥራት አይቻልም። እኔ ያሰብኩት ወፍራሙን ማሻሻል ነው፤ ማሳመን ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ሁለት ዝቅ ይላል። ይህን ይዛችሁ ኦቦ ዱጋሳን ሽማግሌ ሆናችሁ ብትለምኑልኝ?»

ባየሽ አየችው። «እንግዲህ ይሁን» ብላ ወደ ማሽኗ ሄደች።

ባየሽና ሃዊ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄዱ። በሩን የከፈተችላቸው የኦቦ ዱጋሳ ሚስት ኤቢሴ «ወዮ፣ እንኳን መጣችሁ! ቅዳሜ ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ ሬዲዮኑን ፈታ፣ የግድግዳ ሰዓቱን ፈታ፣ አሁን ደግሞ ምጣዱን እያየው ነው። ውሰዱልኝ!» ብላ ሳመቻቸው። ሽማግሌው ግን ወግ አዋቂ ናቸውና በመጀመሪያው ቀን እሺ አይሉም። «ከአሥራ ሁለት በላይ ከመጣልኝ ሰው ነኝ፣ ካልመጣልኝ ደግሞ ከሰል ነኝ? ሂዱ» ብለው መለሷቸው። በሁለተኛው እሑድ አስገብተው አስቀመጧቸው፤ ግን አሁንም አልታረቁም። «ሰው አስቀይሞ ይቅርታ የሚል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ራሱ ይመጣል እንጂ ወረቀት አይልክም። ራሱ ይምጣ» አሉ።

ሃዊ ይህን ስትነግረው በድሉ ደነገጠ። «ድንጋይ? በአምቦ አስፋልት ላይ?»

«ድንጋይ ምን ያደርጋል?» አለች ባየሽ። «ወፍራሙን ተሸከም። ከድንጋይ በምን ያንሳል?»

እናም በሦስተኛው እሑድ፣ የዞኑ መሥሪያ ቤት ባልደረባ አቶ በድሉ፣ ኮቱን ለብሶ፣ አራት መቶ ገጹን መጽሐፍ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ ባየሽንና ሃዊን አስከትሎ ሲሄድ ሰው አየው። አንድ ባለባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ «ጋሼ፣ ልጫንልህ እንዴ?» አለው። የሚያውቁት ባለጉዳዮችም አዩት፤ አንዱማ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን አንሥቶ እንዳነሣ ቀረ። በድሉ ላብ በላብ ሆነ። ወደ ኋላ መመለስ ግን አልቻለም፤ ከኋላው ባየሽ ነበረች።

ኦቦ ዱጋሳ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። በድሉ ከደጃፉ ላይ አጎንብሶ ቆመ። ሽማግሌው ማጅራቱ ላይ ያለውን ባዩ ጊዜ ሳቃቸው አፈትልኮ ሊወጣ ሲል በሳል መለሱት።

«ግባ። እዚያው ቁም። አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ኦሊቃ ለዘንዶው ሲናገር አንተን ምን ተሰማህ?»

«ኦቦ ዱጋሳ፣ መመሪያው እኮ...»

«መመሪያውን ተሸክመኸዋል፤ አየዋለሁ። እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።»

በድሉ መሬት መሬቱን አየ።

«አምኜ ነበር» አለ። «ዘንዶው ይነሣ ነበር። እንባዬ ሊመጣብኝ ነበር፤ እውነቱን ነው የምልዎት።»

«ታዲያ ለምን ጣል አልከኝ?»

«ፈርቼ። እኔ ፈርጄ ስሕተት ቢሆንስ? ወፍራሙ ከፈረደ ማንም እኔን አይጠይቀኝም። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ኦቦ ዱጋሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊናገሩ ሲሉ ግን ባየሽ ጣልቃ ገባች።

«ይጨርስ፣ ኦቦ ዱጋሳ። በእርቅ ላይ ግማሽ አይተውም። በድሉዬ፣ የቀረ ነገር የለህም?»

በድሉ ዓይኗን አየና ሁሉንም ተረዳ። የአንገቱ ሕመም ባሰበት።

«ገጹ አልጎደለም» አለ።

«እንዴት ይጎድላል! አርባ ስምንቱንም ያተምኩት እኔ አይደለሁ? ያተምኩትን ገጽ ቁጥር ረስቼ አላውቅም። ሰው ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ሆዴ ውስጥ ያዝኩት። በል ምን ይላል ቀሪው?»

ተናገረ። አሥራ አንደኛውንም፣ ሃያ ስድስተኛውንም ገጽ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳይሳሳት በቃሉ ወጣው። ሃዊ እየሰማች ዓይኗ ፈካ፤ ፍካቷን ያየው በድሉ ልቡ ስንጥቅ አለ። ዳኛ መሆን ትፈልግ ነበርና! ስድስት ዓመት ሙሉ ትፈልግ ነበር፤ የጠየቃት አልነበረም።

ኦቦ ዱጋሳ ፈረዱ። «እንግዲህ ሰምታችኋል። በዳይ አምኗል። የምንጫወተው በባለ አርባ ስምንቱ ነው። ካሣው ደግሞ ወንበሩ ነው፤ ከፊታችን ቅዳሜ ሃዊ ትቀመጥበታለች፤ አንተ እንደኛ ከጠረጴዛው ዙሪያ ትሆናለህ። እሺ ትላለህ?»

ሰባቱ ደብተሮች፣ ሁለቱ ዓመታት፣ ሦስት ሰው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥበት ያ ቅዳሜ ሁሉ በድሉ ፊት ተደረደሩ። እምቢ ቢል የሚከለክለው አልነበረም፤ ወፍራሙን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። የማን ዳኛ ሊሆን?

«ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

ሽማግሌው ተነሥተው መጽሐፉን ከማጅራቱ ላይ በገዛ እጃቸው አወረዱለትና መረቁት፤ ኤቢሴም ከውስጥ «አሜን» አለች።

በቅዳሜው ሃዊ ከወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጠርዙ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች፤ ሌላ ነገር የላትም። ያን ዕለት ወደ ኋላ መልሳ፣ ኦሊቃ ሳይቃጠል ሐይቁ ዳር ሣሩን እንደያዘ መቆሙን ተናገረች፤ ዳይሱን ሳትነካ ዘንዶው እንደሰማው፣ እንዳቀረቀረ፣ ከዚያም ወደ ደሴቱ ዞር ብሎ መንገዱን እንደለቀቀ ተናገረች። ኦቦ ዱጋሳ «ጎሽ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። የባየሽ ሰይፈኛ ቅር እያላት ሰይፏን ከተተች። ከዚያ ሃዊ ወደ በድሉ ዞረች። ከፊቱ ባዶ ወረቀት ነበር፤ ከስሙ በቀር ምንም አልጻፈበትም።

«አንተስ፣ ጋሼ በድሉ? የአንተ ሰው ማን ነው?»

«አላውቅም። ምን ዓይነት ሰው ያስፈልጋችኋል?» አለ በድሉ። «የጎደለ ካለ እሞላለሁ።»

«የጎደለ የለም። አንተ ምን መሆን ትፈልጋለህ?»

እጁ ደብተር ፍለጋ ወደ ቦርሳው ሄደ፤ ደብተር አልያዘም። አርባ አንድ ዓመት እስኪሞላው ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አሁን ዓይኑን ለመደበቅ የሚያጎነብስበት ነገር ስላልነበረ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ባየሽ ልትቀልድ ጀምራ ተወችው። ሃዊ ወረቀቷን አስቀመጠች፤ ሦስቱም እስኪናገር ጠበቁት።